የሯጭ ተረከዝ ሕመም፦ መርፌውን ልወጋ ወይስ ሩጫውን ልተው?

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ሯጭ ነኝ። ሱሉልታ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ በአንድ ክለብ እሠለጥናለሁ። ከሦስት ወር ወዲህ ቀኝ ተረከዜን ያመኛል። ማለዳ ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች መርገጥ ያቅተኛል፤ ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል፤ ሩጫ ስጀምር ያመኝና ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ማታ ግን ተመልሶ ይመጣል። የጀመረኝ ክረምቱ እንደወጣ የአስፋልት ረጅም ሩጫና የዳገት ልምምድ በአንድ ሳምንት ሲጨመርብኝ ነው። ጫማዬን ከሰልባጅ ነው የገዛሁት። ራጅ ተነሥቼ «ተረከዝሽ ላይ አጥንት በቅሏል» ተባልኩ። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሸኝ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። አንዷ ጓደኛዬ ተረከዟን መርፌ ተወግታ በሳምንቱ ሮጣለች፤ ሌላዋ ደግሞ «እንደ አበበ ቢቂላ በባዶ እግርሽ ሩጪ» ትለኛለች። ጾም ስለምጾምና ቤተ ክርስቲያን ስለምቆም ይሆን እንዴ ብዬም አስባለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ውድድር አለብኝ። አጥንቱ በኦፕሬሽን ይውጣልኝ? መርፌውን ልወጋ? ወይስ ሩጫውን ልተው? እባክዎ ይምከሩኝ።
ከሱሉልታ

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ሕመሙ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚለቅሽና ከምን በኋላ እንደጀመረ ለይተሽ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ፤ የተረከዝ ሕመም ከራጅ ይልቅ በእንዲህ ያለው ታሪክ ይታወቃልና። የነገርሽኝ ሁሉ በሯጮች ላይ አብዝቶ ከሚታየው የተረከዝ ሕመም ጋር ይገጥማል። ከተረከዝ አጥንት ሥር፣ በስተውስጥ በኩል ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ፤ ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያ ይሉታል። የውስጥ እግራችንን ቅስት ጠብቆ የሚይዘው ይህ ጅማት ሥራው እንደ ደጋን ገመድ ነው፤ ስንረግጥ ይወጠራል፣ ተረከዛችን ከመሬት ተነሥቶ አውራ ጣታችን ሲታጠፍ ደግሞ ይበልጥ ተወጥሮ እግራችን ጸንቶ ወደፊት እንዲገፋን ያደርጋል። በሩጫ ጊዜ በእያንዳንዱ እርምጃ እግር ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነት ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ በአንድ የ20 ኪሎ ሜትር ሩጫ ውስጥ ይህ በእያንዳንዱ እግር ላይ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ጅማቱ ይህን ለመሸከም የተሠራ ነው፤ የሚሸነፈው ከለመደው በላይ በድንገት ሲጫንበትና ለማገገም የሚበቃ ጊዜ ሲያጣ ነው።

ማለዳ ላይ የሚብስበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በተኛሽበት ሌሊት የእግርሽ ፊት ወደ ታች ያዘነብላል፣ ጅማቱም ለሰዓታት ሳይወጠር ይቆያል፤ ከአልጋ ወርደሽ ሲሚንቶውን ስትረግጪ ሙሉ ክብደትሽ በአንድ ጊዜ ይወጥረዋል። ለረጅም ዘመን ሕመሙ የጅማት ብግነት ብቻ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። በኦፕሬሽን የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩ ግን በብዛት የታየው የጅማቱ ክሮች መዛባትና መዳከም ነው፤ በአልትራሳውንድም ጤናማው ጅማት ብዙውን ጊዜ ከ4 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ሲኖረው የታመመው ከዚያ አልፎ ይገኛል። ለአንቺ ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቅ ነው፤ የተዳከመ ጅማት በማሸት አይጠነክርም፣ በዕረፍት ብቻም አይጠነክርም፣ በመርፌም አይጠነክርም። የሚያጠነክረው በልኩ ተሰጥቶት ቀስ በቀስ የሚጨመር ጭነት ነው። ከዚህ በታች የምመክርሽ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ለራስሽ ለማረጋገጥ ተቀምጪና የቀኝ እግርሽን አውራ ጣት በእጅሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ በሌላው እጅሽ ደግሞ ከተረከዝሽ ሥር በስተውስጥ ያለውን የፊተኛውን ጠርዝ ተጫኚ። ማለዳ የምታውቂው ያው ሕመም እዚያው ቦታ ላይ ከተነሣ ግምቴ ይበረታል።

በራጁ ስለታየው አጥንት ብዙ አልልም። እንዲህ ያለው የአጥንት ጫፍ ምንም በማያማቸው ብዙ ሰዎች ተረከዝ ላይ ይገኛል፤ ክፉኛ በሚያማቸው ላይ ደግሞ ላይኖር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለውም ከዚህ ጅማት በላይ ባለ ሌላ ጡንቻ መነሻ ላይ ነው። እሱን ለማስወጣት ኦፕሬሽን የምትሠሪበት ምክንያት አይታየኝም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ልምምዱ ከመሄዳችን በፊት መጣራት አለበት። ተረከዝሽን በሁለት መዳፍሽ ይዘሽ ከግራና ከቀኝ ጎኑ ጨምቂው። ሕመሙ ከሥር ሳይሆን ከጎንና ከጎን ሲጨመቅ የሚበረታ ከሆነ፣ ሲሞቅሽ ከመጥፋት ይልቅ በሮጥሽ ቁጥር እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ተኝተሽም የሚቀሰቅስሽ ወይም እብጠት ያለው ከሆነ፣ የተረከዙ አጥንት በተደጋጋሚ ጫና ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» መባሉ ብቻ አያዘናጋም፤ ሐኪሙ ኤምአርአይ ሊያዝ ይችላል፤ እስኪጣራ ድረስም ሩጫው ሙሉ በሙሉ ይቆማል። የጻፍሽው ታሪክ ወደዚህ አያመለክትም፤ ነገር ግን አንቺ ወጣት ሴት ሯጭ ነሽ፣ ትጾሚያለሽ፣ ምግብሽንም ከኪራይ በተረፈው ገንዘብ የምትሸፍኚ ይመስለኛል፤ ስለዚህ አንድ ጥያቄ በግልጽ መጠየቅ ይኖርብኛል። የወር አበባሽ በጊዜው ይመጣል? ለሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ቀርቶብሽ ከሆነ፣ እርግዝና አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ሰውነትሽ ከምትሮጪው ጋር የሚመጣጠን ምግብ እያገኘ እንዳልሆነ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሁኔታ ውስጥ አጥንት ይሳሳል፣ ጅማትም በወጉ አያገግምም። በክለቦቻችን አካባቢ «የወር አበባ ከቀረ ልምምዱ ሠርቷል ማለት ነው» ሲባል ይሰማል፤ ይህ ስንት ጥሩ ሯጭ ያሳጣን ስሕተት ስለሆነ ፈጽሞ እንዳትቀበዪው እለምንሻለሁ።

ጾሙን ተዪ አልልሽም፤ እሱ በአንቺና በንስሐ አባትሽ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፣ ሕመምሽንና ሥራሽን ነግረሽ ብታማክሪያቸው ግን መልካም ነው። በጾም ወራት ጠንካራውን ልምምድ እህል ከምትቀምሺበት ሰዓት ጋር ማቀራረብ፣ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን ከእንጀራው ጋር ማብዛት፣ ሱፍና ኑግ መጨመር፣ በፍስኩ ደግሞ እንቁላልና ወተት አለማጉደል ይቻላል። ባዶ ሆድ ላይ ማለዳ ዳገት ወጥቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ግን ለታመመ ተረከዝ አይበጅም።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ሕመሙ ከተረከዝሽ በስተኋላ፣ ከባትሽ የሚወርደው ሌላ ጅማት በሚያርፍበት ቦታ ቢሆን የአኪለስ ጅማት ጉዳይ ነበር፤ የሚያቃጥል፣ የሚያደነዝዝ ወይም የሚነዝር ቢሆን ነርቭ ይጠረጠራል፤ ሁለቱም ተረከዞች አብረው ቢያሙና ማለዳ ወገብሽ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተገትሮ ቢቆይ የመገጣጠሚያ በሽታ ምርመራ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መንሥኤው። በክረምት የለሰለሰው የሱሉልታ ጥቁር አፈር ከመስከረም በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጠጥራል። እግርሽ በጭቃና በሣር የለመደውን ወራት ጨርሶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ጎጃም መንገድ አስፋልትና ወደ እንጦጦ ዳገት ተሸጋገረ። በአስፋልት ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ያለ ልዩነት በአንድ ዓይነት መንገድ ይደጋገማል፤ በዳገት ላይ ደግሞ ቁርጭምጭሚት አብዝቶ ይታጠፋል፣ ባት ይወጠራል፣ ጣቶች ይገፋሉ፣ ይህ ሁሉ ያንኑ ጅማት ይስባል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢጨመርብሽ ኖሮ ምናልባት በቻልሽው። በላዩ ላይ ጫማው አለ። የሰልባጅ ጫማ መግዛት ነውር የለበትም፣ ብዙ ታላላቅ ሯጮች በእሱ ጀምረዋል፤ ሆኖም የሩጫ ጫማ ሶል በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ ስፖንጁ ይሞታል፣ አንቺ ስትገዢው ስንቱን እንደጨረሰ የሚነግርሽ የለም። ሶሉን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ ካልሰጠ፣ የጎኑ ስፖንጅ ተጨማዶ ከቀረ፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ለመራመጃ እንጂ ለሩጫ አይሆንም።

ዋናው ሕክምና በቤትሽ ደረጃ ላይ የምትሠሪው ነው። ደረጃ ከሌለ የጸና ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይበቃል። ትንሽ ፎጣ ጠቅልለሽ በጠርዙ ላይ አድርጊና የቀኝ እግርሽን ጣቶች በፎጣው ላይ፣ ተረከዝሽን ከጠርዙ ውጪ አድርገሽ ቁሚ፤ ፎጣው ጣቶችሽን ወደ ላይ ስለሚያጥፍ ጅማቱ እንዲወጠር ያደርጋል፣ ስለዚህ አትተዪው። በእጅሽ ግድግዳ ደገፍ ብለሽ በአንድ እግርሽ ብቻ ሦስት ሰከንድ ወስደሽ ወደ ላይ ተነሺ፣ ሁለት ሰከንድ እዚያው ቆዪ፣ ሦስት ሰከንድ ወስደሽ ከጠርዙ ዝቅ እስክትዪ ውረጂ። በአንድ ዙር 12 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር፣ በየቀኑ ሳይሆን በየሁለት ቀኑ ሥሪው፤ መካከል ያለው ቀን ጅማቱ የሚገነባበት ነው። በአንድ እግር ካቃተሽ በሁለቱም ጀምሪ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጀርባ ቦርሳሽ መጽሐፍ ወይም ውኃ የሞላ ጠርሙስ ጨምረሽ ከ10 ጊዜ በላይ እንዳያስኬድሽ አክብጂው፣ ዙሩን ወደ አራት አሳድጊ፤ ከዚያም ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ከ8 ጊዜ በላይ እንዳይቻል አድርገሽ አምስት ዙር ሥሪ። ሥራው ላይ ትንሽ ሕመም መሰማቱ አያስፈራም። ይህ አሠራር ዴንማርክ ውስጥ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን፣ ከሦስት ወር በኋላ እንዲህ የሠሩት ታማሚዎች ጅማቱን በመሳብ ብቻ ከቆዩት የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል፤ ከዓመት በኋላ ግን ሁለቱም ቡድኖች ተቀራርበዋል። ይህን የምነግርሽ ትዕግሥት እንዲኖርሽ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብለሽ እንዳታቋርጪ።

መሳቡም ቢሆን ቦታ አለው፣ በተለይ ማለዳ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስትነሺ ከአልጋ ሳትወርጂ ቀኝ እግርሽን በግራ ጉልበትሽ ላይ አጣጥፊና ጣቶችሽን በእጅሽ ወደ ቅልጥምሽ ሳቢ፣ 10 ሰከንድ ያዢ፣ ይህንኑ 10 ጊዜ ድገሚ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይሆናል። ከዚያ ሲሚንቶውን በባዶ እግር አትርገጪ፤ ከአልጋው ሥር ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ አስቀምጪ፣ ቀጭኑ ነጠላ ጫማ ለጊዜው ይቅርብሽ። ባትሽንም ግድግዳ ገፍተሽ ጉልበትሽን አንድ ጊዜ ዘርግተሽ፣ አንድ ጊዜ አጥፈሽ ሳቢው። በፋርማሲ የሚሸጠው የሲሊኮን የተረከዝ ትራስ ለጊዜው ያሳርፋል፤ በልክ የሚሠራው ውድ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ከተራው የተሻለ መሆኑ ስላልታየ ገንዘብሽን አታባክኚበት። ቤተ ክርስቲያን ለሰዓታት ባዶ እግር መቆምም በታመመ ተረከዝ ላይ ጫና ነው፤ ትራሱን በወፍራም ካልሲ ውስጥ አድርገሽ መቆም፣ መቀመጥ በሚፈቀድበት ጊዜም መቀመጥ ትችያለሽ፤ ጸሎትሽን አያጎድለውም።

ሩጫውን ልተው ወይ ላልሽው፣ የመጨመቁ ፍተሻ ንጹሕ ከሆነ መተው አያስፈልግሽም፤ እንዳለ መቀጠልም አይቻልሽም። ሕመሙን ከዜሮ እስከ ዐሥር መዝኚው። ስትሮጪ ከ3 የማያልፍና በማግሥቱ ማለዳ የመጀመሪያው እርምጃ ከትናንቱ የማይብስ ከሆነ የሮጥሽው ልክሽ ነው። በማግሥቱ ከባሰ አበዛሽው፤ ቀጣዩን ቀንሺ። «ሲሞቀኝ ይጠፋል» የምትዪው ነገር ብዙ ሯጭ የሚታለልበት ነው፤ በሙቀት የጠፋ ሕመም ጅማቱ መዳኑን አያሳይም፣ እውነቱን የምትሰሚው በማግሥቱ ማለዳ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳገቱን፣ የአስፋልቱን ረጅም ሩጫ፣ የፍጥነት ልምምዱንና ስፓይኩን (ባለ ምስማሩን የሩጫ ጫማ) አንሺ፤ በመስኩ ሣር ላይ ቀለል ያለ ሩጫ ያዢ፤ ከመሮጥሽ በፊትም በማለዳው ብርድ ትንሽ በእግርሽ ተራመጂ። ሣር ላይም የሚያሳነክስሽ ከሆነ ለአንድ ሁለት ሳምንት ሩጫውን በቆሚ ብስክሌት ተኪ፤ አነካክሶ መሮጥ ጉዳቱን ወደ ጉልበትና ወደ ዳሌ ይወስዳል። ማለዳው እየቀለለ ሲመጣ በመጀመሪያ የሩጫውን ርዝመት መልሺ፣ ቀጥሎ አስፋልቱን፣ ዳገቱንና ፍጥነቱን በመጨረሻ፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጨምሪ።

መርፌው ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ጓደኛሽ በሳምንቱ መሮጧ ያስጎመጅሻል። መጀመሪያ መርፌው ምን እንደነበረ ጠይቂያት። ዳይክሎፌናክ ከነበረ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ በተለይ ውኃ ጎድሎብሽ ስትሮጪ። ተረከዝ ውስጥ የሚወጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የኮርቲሶን ዓይነት መድኃኒት ነው። እሱ በእርግጥ ያስታግሳል፤ ማስታገሱ ግን ለጥቂት ሳምንታት ነው፣ ጅማቱን አያጠነክረውም፣ አልፎ አልፎም ጅማቱ እንዲበጠስና ተረከዝን የሚያሳርፈው የስብ ትራስ እንዲሳሳ ያደርጋል። ሕመም ሳይሰማሽ በተዳከመ ጅማት ላይ በውድድር ፍጥነት መሮጥ ማለት ይህን አደጋ መጋበዝ ነው። ከዚህም በላይ አንቺ የምትወዳደሪ ሯጭ ነሽ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የኮርቲሶን ቤተሰብ መድኃኒቶች በማንኛውም ዓይነት መርፌ መወሰዳቸው በውድድር ጊዜ በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ ተከልክሏል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ የሚጠበቀው ጊዜም እንደየዓይነቱ ይለያያል፣ ለአንዳንዱ ቀናት፣ ለአንዳንዱ ከዚያ በጣም የረዘመ ነው። «ለተረከዜ ነው የተወጋሁት፣ አላወቅሁም» ማለት ከቅጣት አያድንም። ማንም ጤና ባለሙያ መርፌ ሊወጋሽ ሲል የመድኃኒቱን ስም አስጽፊ፣ ሯጭ መሆንሽን ንገሪው፣ በክለብሽ ሐኪም ወይም በአገራችን የፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን በኩል ሳታረጋግጪ አትወጊ።

ወጌሻው ላይ የምለው ጥቂት ነው። በሙያቸው የሚረዱ ወጌሾች አሉ፤ ባትሽን ለስለስ አድርገው ቢያሹልሽ ሊያፍታታሽ ይችላል። ተረከዙን ራሱን በአውራ ጣት ወይም በዕንጨት መጨፍለቅ ግን፣ ባሰብኝ እንዳልሽው፣ የተጎዳውን ቦታ ደግሞ መጉዳት ነው፤ ስለዚህ ከእንግዲህ እንዳይነኩት ንገሪያቸው። በባዶ እግር ስለመሮጥም እንዲሁ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2:15:16 ሲያሸንፍ እግሩ ያን የለመደ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 አሸንፏል። ጫማ የለመደ የታመመ እግር በአንድ ጊዜ ሲራቆት በባትና በዚያው ጅማት ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ዛሬ ጊዜው አይደለም።

ውድድሩን በተመለከተ የእኔ ፍርድ እንዳትገቢበት ነው። ማጠንከሪያው ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋል፣ ውድድሩ የሚውለው ጅማቱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው፤ ኪራዩና የክለቡ ዓይን እንደሚያስጨንቁሽ አውቃለሁ፣ ነገር ግን አንድ ውድድር ማለፍ ሙሉ የውድድር ዘመን ከማጣት ይሻላል። ለአሰልጣኝሽ እስከ መጨረሻው ሳምንት ደብቀሽ ከምታስደነግጪው ዛሬውኑ ንገሪው፤ ዳገቱንና ፍጥነቱን ለምን ያህል ጊዜ እንደምታነሺና በምን ቅደም ተከተል እንደምትመልሺ ይህን ጽሑፍ አሳይተሽ አስረጂው። ከ10 ታማሚዎች ከ8 የማያንሱት ያለ ኦፕሬሽን በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል፣ ብዙዎቹም ከዚያ ቀድሞ። ሦስት ወር በወጉ ሠርተሽ ማለዳው ካልቀለለ የአጥንት ወይም የስፖርት ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ጅማቱን በአልትራሳውንድ አሳዪ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሾክዌቭ (ከውጭ በመሣሪያ ሞገድ የሚሰጥ ሕክምና) ያሉ ሕክምናዎች ይታሰባሉ።

እስከዚያው ግን በጎን ስትጨምቂው ምን እንደተሰማሽና የወር አበባሽን ሁኔታ ጻፊልኝ፤ ስምሽ አይወጣም። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከጠረጠርሁት ጋር ከገጠመ መልሴን ሳትጠብቂ፣ ሩጫውን አቁመሽ፣ በዚሁ ሳምንት ወደ ሐኪም ሂጂ።